ሦስተኛው ብሎን

ሰኞ 3

«በየቀኑ ይጻፉ» አለችኝ ሐኪሟ። «ምን ልጻፍ?» ስላት «የፈለጉትን፤ ብቻ እጅዎ ይሥራ» አለች። ይኸው እጄን እያሠራሁት ነው። ከሦስት ወር በፊት አንድ ጠዋት ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ ተነሣሁ። ፊቴ በሳምንቱ ተመለሰ፤ ቀኝ እጄ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ጠዋት ጠዋት የኔ አይመስሉኝም፤ ብርጭቆ ስይዝ ውሃው ይንቀጠቀጣል።

ለማንም አልተናገርኩም። አብሬያት የምኖረው ታላቅ እህቴ ደብተሩን አይታ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ስትለኝ «የጋራዥ ዕቃ የምመዘግብበት ነው» አልኳት። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እንደ ተማሪ እዋሻታለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን ለሐኪም ነግሬያለሁ፤ የደበቅኩት ከሌላው ሰው ነው። ስለዚህ ተረቱ እኔን አይመለከትም።

ማክሰኞ 4

ዝናብ። ሁለት ብሎን ፈታሁ፤ ሁለቱም ሳይሰበሩ ወጡ። እጄ ዛሬ ሰው ሆኖ ዋለ።

ጋራዡ ውስጥ አባ ዝገት ነው የምባለው። ሌላው ታግሎ የተወው ብሎን መጨረሻው እኔ ጋ ነው። የጭስ ማውጫ ብሎን እንደሌላው ብሎን አይደለም። እሳትና ውሃ እየተፈራረቁበት ከብረቱ ጋር አንድ ሥጋ ይሆናል። ጉልበተኛ ሰው መፍቻውን ይዞ ይንጠለጠልበታል፤ «ቀጭ» ይላል፤ ጭንቅላቱ እጁ ላይ፣ ቀሪው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ዝገትን አይታገሉትም፣ ይለምኑታል። በሽቦ ብሩሽ ትጠርገዋለህ፤ ዘይት ታጠጣዋለህ፤ ታሳድረዋለህ። ጠዋት በመዶሻ ቀስ አድርገህ ታንኳኳዋለህ። በእሳት ታሞቀዋለህ። ከዚያ ከመፍታትህ በፊት ፀጉር ታህል ወደሚጠብቅበት ታዞረዋለህ፤ ዝገቱ የሚሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አለቃዬ ይህን የተማረው ከኔ ነው። አሁን ጋራዡ የሱ ነው፤ ፀጉሩም ከኔ ይልቅ ሸብቷል። ባለፈው ወር ሁለት ብሎን ሰበርኩበት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ እንደው ሌላ ከተሰበረ ጭስ ማውጫውን ለኔ ይተዉልኝና እርስዎ ጎማ ክፍል ትንሽ ያርፉ» አለኝ። ያርፉ አለኝ! በዚህ ዕድሜዬ ቁጭ ብዬ ጎማ ልነፋ።

ሐሙስ 6

የእህቴ መኪና መጮህ ጀመረች። እህቴ ልጆች ትምህርት ቤት ታመላልሳለች፤ ዘጠኝ ናቸው። መኪናዋ አሮጌ ሚኒባስ ናት፤ ሞተሯ የተቀበረው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። በሾፌሩና በጋቢናው ወንበር መካከል የሞተሩ ክዳን አለ፤ እህቴ ትራስ ሰፍታ አልብሳዋለች። በዚህ ብርድ ልጆቹ የሚጣሉት በሱ ነው። «ሞቃቷ ወንበር» ይሏታል። እህቴ ጠቡን ለመጨረስ ለትንሿ ፈረደችላት። ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው። አፏን በከፈተች ቁጥር «ለምን?» ስለምትል እህቴ ወይዘሪት ለምን ብላ ስም አወጣችላት፤ አሁን እናቷም ሳትቀር የምትጠራት በሱ ነው።

«አንተ ልጅ» አለችኝ እህቴ እራት ላይ፤ እስካሁን ልጅ ነኝ ለሷ። «አባ ዝገት የሚባል ወንድም እያለኝ መኪናዬ መንገድ ለመንገድ ተፍ ተፍ ስትል ሰው ምን ይላል?»

«አባ ዝገት ጡረታ ወጣ ብለሽ ንገሪያቸው» አልኳት። ሳቀች። ነገ ልጆቹን አድርሳ ጋራዥ ታመጣታለች።

ዓርብ 7፣ ምሳ ሰዓት

ቱቦው ከሞተሩ የብረት አንገት ጋር የሚገጥምበት ቦታ ነው። በሦስት ብሎን የታሰረ። መሃላቸው ገብቶ ጭስ እንዳያልፍ የሚይዘው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ጭሱ በዚያ ይወጣል። ሁለቱ ብሎኖች ወጡ። ሦስተኛው እምቢ። ዘይት ጠጥቶ ማደር ነበረበት፤ ግን ልጆቹ ሲለቀቁ መኪናዋ በር ላይ መገኘት አለባት። አለቃዬ ሁለቴ አልፎ አየኝ። እጄ እንደ ጠዋቱ ደንዝዟል።

ዓርብ 7፣ ማታ

እጽፈዋለሁ። ማን ያነበዋል?

ከምሳ በኋላ ሦስተኛውን ብሎን አሞቅኩት። በደንብ አልሞቀም። ወደሚጠብቅበት ፀጉር ታህል ማዞር ነበረብኝ፤ ያን ለማድረግ ግን ጣት ያስፈልጋል፤ መፍቻው ጫፍ ላይ ብረቱ ሲሰጥ የሚሰማ ጣት። ጣቶቼ ምንም አይሰሙም ነበር። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ጀማሪ መፍቻው ላይ ተንጠለጠልኩበት። ቀጭ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት እኔ ነኝ ለሰው ሁሉ ስተርት የኖርኩት።

ዞር ብዬ አየሁ። አለቃዬ ስልክ ላይ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። የብሎኑ ጭንቅላት መፍቻዬ ውስጥ ነው፤ እግሩ አንገቱ ውስጥ ቀርቷል። አዲሱን ጓርኒሲዮን አስገባሁ፤ ሁለቱን አዳዲስ ብሎኖች አጠበቅኩ። በሦስተኛው ቦታ እሳት ሲነካው የሚደርቀውን ማሸጊያ ሞላሁና የተሰበረውን ጭንቅላት በላዩ ለጠፍኩት። ጥላሸት ቀባሁት። ከሩቅ ቢታይ ሦስት ነው። ከቅርብ ቢታይም ሦስት ነው።

ሞተሩን አስነሡት፤ ፀጥ። አለቃዬ መብራት ይዞ ሥሯ ገባና ቆየ። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አይ እጅ! በዚህ ፍጥነት? ጋሼ፣ የጎማውን ነገር እንርሳው።» ደስ አለኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ይህንንም ልጻፈው።

ለሁለት ቀን ነው። እሑድ መኪናዋ ቤት ትውላለች፤ ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ።

እሑድ 9

እህቴ ዘመድ ልትጠይቅ ከጠዋት በመኪናዋ ወጣች፤ ሲመሽ ገባች። በሚቀጥለው እሑድ።

ረቡዕ 12

መኪናዋ ድምፅ የላትም። እህቴ ላገኘችው ሁሉ ታወራለች፤ «ወንድሜ ነው የሠራት፣ አሁን ድመት ናት።»

ዛሬ ግን ራሷን አሟታል። ከሁለት ቀን ጀምሮ እንደሆነ ነገረችኝ። ብርዱ ነው አለች። ብርዱ ሊሆን ይችላል፤ ጋራዥ ውስጥም ግማሹ ሰው ያስላል። «ስትነጂ መስኮትሽን ከፈት አድርጊ» አልኳት። «በዚህ ዝናብ?» «አየር ይገባል፤ ለጤና ነው።» «ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?» ብላ ቀለደችብኝ። ቃሏን እስክትሰጠኝ ድረስ አልለቀቅኳትም። በሷ በኩል ያለውን አንድ ጋት ያህል ትከፍታለች። እሺ ብላለች።

ዓርብ 14

እህቴ መስኮቷን እየከፈተች ነው፤ ራሷም ተሻላት። አልኩ አይደል?

ጠዋት እህቴ ከጋራዡ ፊት ለፊት ቆማ ልጆቹን ስትቆጥር አንዲት እናት «እኔ ልጄን ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ታግዬ ነው የማስተኛው፤ እዚህ ሲገባ ግን ወዲያው!» ስትል ሰማሁ። እህቴም «የኔ መኪና እሹሩሩ አያስፈልጋትም» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ወይዘሪት ለምን ከሁሉም ቀድማ ነው አሉ የምትተኛው፤ ሞቃቷ ወንበር ላይ ሁለተኛው መታጠፊያ ሳይደርሱ።

ልጅ መኪና ውስጥ ይተኛል። ያለ ነው።

እሑድ 16

ግቢ ውስጥ፣ መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ ሥሯ ገባሁ። የተለጠፈውን ጭንቅላት አነሣሁት። ማሸጊያው ተሰንጥቋል፤ ዙሪያው ጥቁር ነው። ሁለት ብሎን ብቻውን ቱቦውን ቀጥ አድርጎ አልያዘውም፤ በሦስተኛው በኩል ከንፈሩ ትንሽ ተከፍቷል። ትንሽ ነው። አንድ ወረቀት ብታስገባ ይገባል።

የቀረውን እግር መሃሉን ልሰረስረው ብዬ መሰርሰሪያ ያዝኩ። መሃሉ ላይ ካልተሰረሰረ አንገቱ ይበላሻል፤ አንገቱ ከተበላሸ ሞተሩ ተፈትቶ አለቃዬ ፊት ነው የሚቀርበው። በግራ እጄ ቀኙን ደግፌ ጀመርኩ። ተንቀጠቀጠ፤ የመሰርሰሪያው ጫፍ ዘመመና እውስጡ ተሰብሮ ቀረ። አሁን ብሎን ውስጥ ከብሎኑ የጠነከረ ብረት አለ። አስቀድሞ ከነበረው የባሰ።

እህቴ «ምሳ ቀዘቀዘ!» ብላ ተጣራች። ማሸጊያ ሞላሁ፤ ጭንቅላቱን መልሼ ለጠፍኩ። እጄን ስታጠብ «መኪናዋ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። «ዘይት እያየሁላት ነው» አልኳት።

ማክሰኞ 18

በእህቴ መኪና ወደ ሥራ ሄድኩ። ማየት ፈልጌ ነው። ጋቢና ተቀመጥኩ፤ ወይዘሪት ለምን መሃላችን ሞቃቷ ወንበር ላይ ናት። በኔ በኩል ያለውን መስኮት ከፈትኩት።

«ለምን ትከፍታለህ?» አለችኝ።

«አየር እንዲገባ።»

«ለምን አየር ይገባል?»

«አንቺ እንዳትተኚ።»

«ለምን አልተኛም?» ይሄኔ ከኋላ አንዱ ልጅ ዝናብ መታኝ ብሎ ጮኸ፤ እህቴም «ኧረ ልጆቹን አታስመታብኝ፣ ዝጋው!» አለች። ዘጋሁት። ልጅቷ እጄን ስታይ ቆየችና «ለምን ይንቀጠቀጣል?» አለችኝ። በዚህ ቤትና በዚያ ጋራዥ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ያላየውን አየች። «ብርድ ነው» አልኳት። ለአንድ ጊዜ ብቻ ለምን አላለችም፤ ተኝታ ነበር።

ምንም አልሸተተኝም። እዚህ ደብተር ላይ ለራሴ እንደ ማስረጃ ልጽፈው ነበር፤ ምንም አልሸተተኝም ብዬ። ግን የሞተር ጭስ መርዙ እንደማይሸት ለሰልጣኝ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዓርብ 21

ልጅቷ መኪና ውስጥ አስታወከች። እህቴ ጠዋት ብዙ በልታ ነው አለች። «ከኋላ አስቀምጫት፤ ሞተሩ ሞቅ ስለሚል ነው» አልኳት። «ከኋላ ትልልቆቹ ይገፏታል፤ ታለቅሳለች።» «ታልቅስ» አልኩ። እህቴ ተገርማ አየችኝ። «ደግሞ ልጅ መጥላት ጀመርክ?»

ከዚያ በላይ አልገፋሁም። ብገፋ «ለምን?» ትለኛለች እሷም።

እሑድ 23

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ከቤት አልወጣሁም። ሰው በዚህ ዝናብ መኪና ሥር አይተኛም።

ይተኛል። እኔ በስንቱ ዝናብ ተኝቻለሁ።

ማክሰኞ 25

ዛሬ ምንም። ጻፍ ስለተባልኩ ነው።

ሐሙስ 27

አልነቃችም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ። እህቴ ትንሿን ቀሰቀሰቻት፤ አልነቃችም። ተሸክማት ሮጠች። ሆስፒታል ናት። እህቴ ደውላ የምትለው አይሰማም፤ ታለቅሳለች። መስኮቷ ተከፍቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የጠየቅኩት ይህን ነው። የሷን።

ዓርብ 28

በሕይወት አለች። ኦክስጅን ላይ ናት። ዓይኗን ከፍታለች ግን ሰው አላወቀችም።

እህቴ ሌሊቱን እዚያው አድራ ጠዋት ገባች፤ የሆነውን ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረችኝ። ሐኪሙ ደሟን መርምሮ የጭስ መርዝ ነው አለ። «ቤት ውስጥ ከሰል ታነዳላችሁ?» ብሎ እናትየውን ጠየቃት። እናትየው አዎ አለች። ማታ የልጅቷን የትምህርት ቤት ልብስ እሳት ላይ አድርቃለች፤ በዝናቡ አልደርቅ ብሏት። «በሩ ገርበብ ያለ ነበር» አለች። ማንም አልሰማትም። ባሏ እዚያው ኮሪደሩ ላይ «ልጄን በላሻት!» ብሎ ጮኸባት፤ እናቱ ደግሞ ሻርፗን ተከናንባ ፊቷን አዞረች።

እህቴ እኔን ትኩር ብላ አየችኝ። የደነገጥኩት ልጅቷን ስለምወዳት መሰላት። «አይዞህ፣ ትድናለች» አለችኝ። ዛሬ ቀን ሙሉ እኔን ስታጽናና ዋለች።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ይህን ተረት ስንቴ በሰው ላይ ተርቻለሁ።

ቅዳሜ 29

ትምህርት ቤቱ ለማንኛውም መኪናዋ ትመርመር አለ። አለቃዬ ራሱ መብራት ይዞ ሥሯ ገባ። አጠገቡ ቆሜ እግሩን አያለሁ። አሁን ያየዋል አልኩ። ይየው አልኩ ደግሞ፤ እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ይየው ብዬ ተመኘሁ። «ሦስቱም አሉ፤ ጋሼ የሠሯት ናት እኮ!» እያለ ወጣ። ወረቀቱ ላይ ደኅና ናት ብሎ ፈረመ። አሁን የሱም እጅ አለበት።

ሰኞ 1

እህቴ ጠዋት ልጆቹን ልትወስድ ወጣች። ከመስኮት አየኋት። ሞቃቷ ወንበር ባዶ ስለሆነች ከኛ በር የሚሳፈሩት ልጆች እየተጋፉ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ ቀድሞ ገብቶ ተቀመጠባት። ጥርሱን ያወለቀው ልጅ። እጁን አውለበለበልኝ።

በካልሲ ወጣሁ። መኪናዋ ፊት ቆምኩ። «ውረዱ» አልኩ። እህቴ «አበድክ እንዴ?» አለች። የባትሪውን ክዳን ከፍቼ ገመዱን ነቀልኩና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። «ፍሬኗ ትክክል አይደለም፤ ትናንት ማታ ነው የታየኝ። ሦስት ቀን ስጪኝ።» ሌላ ውሸት፤ ግን ልጆቹ ወረዱ። እህቴ ለየወላጁ ስትደውል ዋለች።

ግቢ ውስጥ፣ በላስቲክ ሥር። ማሸጊያውን ጠረግኩት። በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩ። ዘይት አጠጣሁት። ከዚያ በላይ ዛሬ አልነካሁትም።

ማክሰኞ 2

ዘይት። ጠዋትና ማታ። ማንኳኳት። ከጋራዥ ቀረሁ፤ አሞኛል ብዬ። በሠላሳ አራት ዓመት አምስተኛዬ ነው።

ረቡዕ 3

ዘይት። የጎረቤት በያጅ መሣሪያውን አዋሰኝ። አልጠየቀኝም፤ አባ ዝገት የሚያደርገውን ያውቃል ይላል።

ሐሙስ 4

ወጣ።

በተሰበረው እግር ላይ መፍቻ የሚይዘው አንድ ዳዶ አስቀምጬ በየድኩት። የብየዳው እሳት ራሱ ብረቱን አላቀቀው። መፍቻውን በግራ እጄ ያዝኩ። ግራ እጄ ለምን እስከዛሬ ትዝ አላለኝም? መጀመሪያ ወደሚጠብቅበት፣ ፀጉር ታህል። ሰጠኝ። ከዚያ መለስኩት፤ ሩብ ዙር፣ ዘይት፣ ሩብ ዙር። እንደ ወተት ጥርስ ወጣ፤ የተሰበረውን የመሰርሰሪያ ጫፍ ሆዱ ውስጥ እንደያዘ። የአንገቱ ጥርስ አንድም አልተነካ። በሕይወቴ ካወጣኋቸው ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ያየኝም ሰው የለም።

አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ሦስት አዳዲስ ብሎን። አሁን መኪናዋ ደኅና ናት። የዓለም መርማሪ ቢመጣ የሚያገኘው ነገር የለም። ሦስት ቀን ታግሼ መለመን እችል ነበር፤ ከመጀመሪያውም።

ዓርብ 5

ልጅቷ ከሆስፒታል ወጣች። የወሰዷት ወደ አባቷ እናት ቤት ነው። እናትየዋ በር ላይ ቆማ «እሷ ቤት ልጅ አይገባም» ተባለች።

እህቴ ሄዳ አይታታለች። ስትራመድ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች፤ ማንኪያ የቱ እንደሆነ ለማስታወስ ታስባለች። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል ብሏል፤ ይመለሳል አላለም። «ዝም ብላ ታያለች» አለች እህቴ። «ምን ሰጠኋት መሰለህ? ኳስ። ዝም ብላ ተቀበለችኝ። ለምን አላለችም።» ከዚያ ተቆጣች፤ «እንዴት እናት ሆኖ ሰው ከሰል አንድዶ በር ይዘጋል? ፊት ለፊቷ ነው የነገርኳት። ይሰማት!»

ቅዳሜ 6

ለእህቴ ነገርኳት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ከእጄ። ቢላዋውን አስቀመጠች። አልጮኸችም። ስጨርስ «መስኮትሽን ክፈቺ ስትለኝ የነበረው ለዚህ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ለኔ» አለች። «ለኔ አስከፈትክልኝ።»

መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ሽንኩርቱን ጨርሼ ከተፍኩት። አልበላንም።

እሑድ 7

ጠዋት እናትየዋ ቤት ሄድኩ። አንድ ክፍል ናት። በዚያ ዝናብ በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወለሉ ረጥቧል። ከሰል ማንደጃው ደጅ ተወርውሮ ውሃ ሞልቶታል። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ካፖርት ደርባ ተቀምጣለች።

«የሾፌሯ የእማማ ወንድም አይደሉ? ይግቡ፣ ይግቡ አባቴ። ይቅርታ፣ ብርድ ነው፤ አልዘጋውም።»

ቆሜ ነገርኳት። ቱቦው በሦስት ብሎን መታሰር እንደነበረበት፣ አንዱ ተሰብሮ እንደነበር፣ ጭሱ በዚያ እንደወጣ፣ ልጇ የምትቀመጠው ከላዩ እንደነበር። ማን እንደሰበረው አልተናገርኩም። አልገባትም፤ ደገምኩላት።

«ከሰሉስ?»

«ከሰሉ አይደለም።»

«በሩ ገርበብ ያለ ነበር እኮ» አለች። «በእጄ ነው ገርበብ ያደረግኩት። ስናገር ስናገር ግን እኔም መጠራጠር ጀመርኩ፤ ዘግቼው ይሆን እንዴ ብዬ።»

«አልዘጋሽውም።»

«እኔ አይደለሁም?»

«አይደለሽም።»

«እኔ አይደለሁም?» ብላ እንደገና ጠየቀችኝ፤ እንደገና አይደለሽም አልኳት። ከዚያ ወለሉ ላይ ወርዳ ጉልበቴን አቅፋ ሳመችው። «እግዜር ይስጥዎ አባቴ፣ እግዜር ይስጥዎ፣ ማን መጥቶ ይነግረኝ ነበር!» ላነሣት ብሞክር እምቢ አለች። ብትረግመኝ፣ በጥፊ ብትለኝ ያን እችለው ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ምስጋና ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። አፈርኩ፤ ሞት ተመኘሁ።

ፊቷን ታጥባ ጫማዋን አደረገች። «አማቴ ቤት አብረን እንሂድ። ለኔ እንደነገሩኝ አድርገው ይንገሩልኝ። ልጄን ዛሬ ይዤ እገባለሁ።» ሩቅ አይደለም፤ በእግር ወጣን። አንድ ጃንጥላ ነው ያላት፤ ወደኔ አዘንብላ ትይዘዋለች፣ የሷ ትከሻ ይረጥባል። እየሄደች ልጇ የምትወደውን ትነግረኛለች፣ ፀጉሯን ማሠራት እንደማትወድ፣ ፍየል እንደምትፈራ። ስንት ቀን ሙሉ የሚሰማት ሰው አላገኘችም።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ «ለመሆኑ መቼ አወቁት?» አለችኝ። «ሰሞኑን መኪናዋን ሲጠግኑ ነው?»

አዎ ብል ያበቃ ነበር። አዎ እንድል መንገዱን ራሷ ጠርጋልኛለች።

«የሰበርኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ልጅሽ ከመታመሟ ከሃያ ቀን በፊት። ሃያውንም ቀን አውቅ ነበር።»

ቆመች። ጃንጥላው ከራሴ ላይ ተነሣ፤ ቀድማኝ ሄደች። ከኋላዋ በዝናቡ ተከተልኳት። ዞር ብላ አላየችኝም፤ እንደምከተላት ግን አውቃለች።

በሩን አማቷ ከፈተች። ከጀርባዋ ልጅቷ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እናቷን እንደ ጎረቤት ሴት አየቻት። አባትየውም ከውስጥ መጣ፤ አፉን ሊከፍት ሲል ሚስቱ እጇን አንሥታ አስቆመችው። ከበሩ ገለል ብላ አሳለፈችኝ።

«ንገራቸው» አለችኝ።

ነገርኳቸው።